ጎተራና በቅሎ

የልጅ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ማሙሽ እለዋለሁ። ጓደኞቹ ፊት በዚህ ስም ስጠራው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወዳል፤ ቤት ውስጥ ግን «አቤት» ይላል። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቱ እኔ ዘንድ አመጣችው። ከልብስ ሻንጣው ጋር አንድ ላፕቶፕና አንድ ትእዛዝ አብረው መጡ። «እማዬ፣ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይነካው። እምቢ ካለሽ ንጠቂው» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔ 34 ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከሰው እጅ ነገር ከመንጠቄ በፊት የያዘው ምን እንደሆነ ማየት የሥራ ልማዴ ነው። በሽተኛ ከሰፈር ሱቅ የገዛውን ኪኒን ይዞ ሲመጣ እንኳ መጀመሪያ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አነብባለሁ፤ ቁጣው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እናም መነጽሬን አድርጌ ከጎኑ ተቀመጥኩ። የጠበቅሁት ተኩስና ደም ነበር። ያየሁት ግን ፋብሪካ ነው።

የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ጨዋታው ፋክቶሪዮ ይባላል። መንኮራኩሩ ተከስክሶበት ማንም በማያውቀው ፕላኔት ላይ የወደቀ አንድ መሐንዲስ አለ። ከመሬት ብረትና መዳብ ይቆፍራል፣ በምድጃ ያቀልጣል፣ ላሜራ ያወጣል፣ ከላሜራው ማሽን ይሠራል፣ ማሽኑ ደግሞ ሌላ ማሽን ይሠራል። ዕቃው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚጓዘው በሚንከባለል ቀበቶ ላይ ነው፤ ከቀበቶው ላይ የሚያነሳውና የሚያስቀምጠው ትንሽ የብረት ክንድ ነው። መጨረሻው ሮኬት ማምጠቅ ነው። የፕላኔቷ ነዋሪ የሆኑ ነፍሳት መሰል አውሬዎች አሉ፤ የፋብሪካው ጭስ ሲደርስባቸው ይቆጡና መጥተው ያፈርሳሉ። እኔ ይህን ስሰማ ልቤ ወደ አውሬዎቹ አደላ፤ ማሙሽ ግን አልወደደልኝም።

የሠሩት ሰዎች ያሉት ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ፣ ፕራግ ከተማ ነው። የድርጅታቸው ስም እንደተጻፈው ሲነበብ «ውቤ» ይላል። «የውቤ በረሃ ልጆች ናቸው እንዴ?» ብለው ዝም ብሎ አየኝ። ውቤ በረሃን የት ያውቅና!

ዋናው ጉዳይ ግን ጨዋታው አይደለም። ተጫዋቾች በጨዋታው ውስጥ የሌለ ነገር ራሳቸው ሠርተው መጨመር ይችላሉ፤ ሞድ ይሉታል። የሚጻፈው ሉአ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ሉአ በ1993 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ የተፈጠረ ቋንቋ ሲሆን ስሙ በፖርቱጋልኛ ጨረቃ ማለት ነው። ማሙሽ በዚህ ቋንቋ አንድ ትልቅ መጋዘን ሠርቶ ለሦስት የክፍል ጓደኞቹ ሰጣቸው። በሳምንቱ አንደኛው ደውሎ «ጨዋታውን ገደልከው» አለው። ልጁ ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

«ምን ማለቱ ነው?» አልኩት።

«የኔን መጋዘን ካገኙ በኋላ ሌላ ነገር የሚሠራ ሰው ጠፋ። ዋጋው ረከሰ መሰለኝ።» ትንሽ አሰበና «እማማ፣ አንቺ ጤና ጣቢያ ሳለሽ የመድኃኒት መጋዘን ትይዢ አልነበር? ለመጋዘን ዋጋ የሚወጣለት እንዴት ነው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እርሳስና ወረቀት አምጣ አልኩት።

በጨዋታው ውስጥ ከመጀመሪያው ያሉት ማስቀመጫ ሳጥኖች ሦስት ናቸው። ሁሉም እኩል አንዳንድ ካሬ መሬት ይይዛሉ። በውስጣቸው ያሉትን ቦታዎች እነ ማሙሽ ስሎት ይሏቸዋል፣ እኔ ኪስ አልኳቸው። የእንጨቱ ሳጥን 2 እንጨት ይፈጃል፣ 16 ኪስ አለው። የብረቱ 8 ላሜራ ይፈጃል፣ 32 ኪስ አለው። የስቲሉ 8 የስቲል ላሜራ ይፈጃል፣ 48 ኪስ አለው። አንድ የስቲል ላሜራ ለማውጣት ግን 5 የብረት ላሜራ መቅለጥ አለበት። ስለዚህ የስቲሉ ሳጥን እውነተኛ ዋጋ 40 የብረት ላሜራ ነው።

እንግዲህ አካፍሉት። በብረቱ ሳጥን አንድ ላሜራ 4 ኪስ ይገዛል። በስቲሉ አንድ ላሜራ የሚገዛው 1.2 ኪስ ብቻ ነው። ትልቁ ሳጥን በኪስ ሲሰላ ከሦስት እጥፍ በላይ ውድ ነው ማለት ነው።

ይህ ግራ አጋባኝ። እኔ ያደግሁት ጎጃም ገጠር ነው፤ የማውቀው ሒሳብ ተቃራኒውን ነው። እናቴ ጎታ የምትሠራው ከጭቃ፣ ከእበትና ከጭድ ነበር። በየአቅጣጫው 1 ሜትር የሆነ ሳጥን ብትሠሩ፣ ታችና ላዩን ጨምሮ ግድግዳው 6 ካሬ ሜትር ነው፤ የሚይዘው 1 ሜትር ኩብ ነው። ቁመቱንም ጎኑንም 2 ሜትር ብታደርጉት ግድግዳው 24 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ የሚይዘው ግን 8 ሜትር ኩብ! ጭቃው አራት እጥፍ ሲሆን እህሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ጎረቤቶቻችን ትልቅ ጎተራ የሚወዱት ለዚህ ነው፤ በእርግጥ ለመታየትም ነው።

«ታዲያ ጨዋታው ለምን ተገላቢጦሽ ሆነ?» አልኩት።

ማሙሽ እዚህ ላይ ከእኔ ቀደመ። «ቦታ ነዋ! ሁሉም አንድ ካሬ ነው የሚይዘው። በስቲሉ የምትከፍይው ለቦታው ጥበት ነው። ማሽኖቹ መሀል ሦስት የብረት ሳጥን መደርደር ካልቻልሽ አንድ የስቲል ታደርጊያለሽ።»

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ማስረጃ አያስፈልገውም። ፎቅ ቤት በካሬ ከመሬት ቤት የሚወደደው ለምንድን ነው?

ከዚያ የእሱን መጋዘን ሒሳብ ሠራን። ሦስት በሦስት ነው፣ 9 ካሬ ይይዛል። 480 ኪስ ሰጥቶታል፤ ዋጋው 20 የስቲል ላሜራ ነው፣ በብረት 100 ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ላሜራ 4.8 ኪስ ይገዛል፤ ከሁሉም ርካሽ ከሚባለው ከብረቱ ሳጥን እንኳ ይረክሳል። በመሬትም ብታዩት በካሬ 53 ኪስ ይደርሳል፣ የስቲሉ ሳጥን ግን 48 ነው። በብረትም ርካሽ፣ በመሬትም ርካሽ። በዚያ ላይ ሳጥን አንድ ካሬ ስለሆነ ክንዶች የሚቆሙበት 4 ጎን ብቻ አለው፤ የማሙሽ መጋዘን ዙሪያውን 12 ክንድ ያስተናግዳል። በር ያለው ቤት ነው ማለት ነው፣ 12 በር።

«ጓደኛህ እውነቱን ነው። ስጦታ እንጂ ዕቃ አልሸጥክላቸውም» አልኩት። እሱም «ዋጋውን በአራት ላባዛው» አለ። ማታ እናቱ ደውላ «ነጠቅሽው?» ስትለኝ «ማካፈል እያጠናን ነው» አልኳት። ዝም አለች፤ እያሾፍኩባት መስሏታል።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በዕድሜዬ የተለመደ ነው፣ ግን የዚያን ሌሊቱ ምክንያት ነበረው። ሒሳባችን ውስጥ አንድ ነገር ጎድሎ ነበር፤ ምን እንደሆነም አውቀው ነበር። እኛ ያሰላነው ግድግዳውን ነው። ሆዱን አላሰላነውም።

ጠዋት ቁርስ ላይ «አንድ ኪስ ስንት ላሜራ ይይዛል?» አልኩት። «100» አለ። 480 ኪስ ሲሞላ 48,000 ላሜራ ነው። ቤቱን ለመሥራት 100 ላሜራ፣ ቤቱን ለመሙላት 48,000! ተራው ቀበቶ በሰከንድ 15 ዕቃ ያሳልፋል። ቀበቶው ሙሉ ለሙሉ ወደ መጋዘኑ ቢዞር ለመሙላት 3,200 ሰከንድ፣ ማለትም 53 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። ያን ያህል ጊዜ ከመጋዘኑ ወዲያ ያሉ ማሽኖች አንድ ላሜራ ሳያገኙ ይቆማሉ።

«ጓደኞቼም እንደዚያ ነው ያሉኝ!» አለ ማሙሽ፣ ዳቦውን አስቀምጦ። «መጋዘን ከሠሩ በኋላ ፋብሪካቸው ቀጥ አለ። ብረት ያነሳቸው መስሏቸው ሌላ ማዕድን ሊቆፍሩ ሄዱ።»

ብረት አላነሳቸውም። ብረቱ መጋዘን ውስጥ ተኝቷል። እኔ ይህን በሽታ ስለማውቀው፣ ልጁን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ለእናቱም ነፍሱን ይማረውና ለባለቤቴም ያልነገርኩትን ነገር ነገርኩት። ለልጅ ይነገራል ወይ ትሉኝ ይሆናል። የጠየቀኝ እሱ ነው።

በ1978 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ የጎጃም ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበርኩ። 27 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ከሕፃናትና ከእናቶች ጋር ቢሆንም የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍም ደርበው ሰጥተውኝ ነበር። ዕቃ በሞዴል 19 እቀበላለሁ፣ በሞዴል 22 አወጣለሁ። ክፍሏ ጠባብ ስለነበረች ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያው ይደረደራሉ፤ ከታች ያለውን ለማውጣት ላዩን ሁሉ ማውረድ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ መኪና ይቆማል። ከወንዙ ማዶ፣ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ቦታ፣ በእኛ ሥር ያለች አንዲት ክሊኒክ ነበረች። አንድ ጤና ረዳት ብቻውን ይሠራባታል።

በዙሪያው ያሉ ገበሬ ማኅበራት ለጤና ጣቢያው ገንዘብ አዋጡና ምን ይደረግበት የሚል ስብሰባ ተጠራ። እኔ ተነሥቼ አዲስ የመድኃኒት መጋዘን ይሠራበት አልኩ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሁለት የጭነት በቅሎ እንዲገዛ ሐሳብ አቀረቡ። «ሲስተር፣ ጎተራ ባለበት ይቆማል። በቅሎ ግን በላይኛው መሻገሪያ ዞራ ማዶ ትደርሳለች» አሉኝ። እኔም «አባቴ፣ በቅሎ ትበላለች፣ ትታመማለች፣ ትሞታለች። ቤት አይበላም» አልኳቸው። ሰው ሳቀ። የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ነጭ ጋውን የለበስኩት እኔ ነኝ፤ መጋዘኑ ተወሰነ።

ቤት አይበላም ያልኩት እኔ ነኝ!

በባሕር ዛፍ ቆመ፣ በጭቃ ተመረገ፣ ቆርቆሮ ለበሰ። 4 በ5 ሜትር ነው። መደርደሪያው ሲያልቅ እንደ ሙሽራ ቤት ዞሬ ዞሬ አየሁት። ባዶ መደርደሪያ ግን ለመጋዘን ሠራተኛ የሚያሳክክ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጥያቄ የሁሉን ነገር እጥፍ ጻፍኩ፤ ክረምቱ ይረዝማል ብዬ የኦ.አር.ኤስ. ፓኬቱን ከእጥፍም በላይ አደረግሁት። ተሰጠኝ። ሰኔ ላይ የማዶው ጤና ረዳት እንዲላክለት ጽፎልኝ ነበር። ወንዙ ገና አልሞላም፤ መላክ እችል ነበር። ነገር ግን መደርደሪያው ጢም ብሎ ሲታይ ደስ ይለኝ ስለነበር ጥቂት ሰጥቼ «የቀረው በኋላ» ብዬ መለስኩት።

ሐምሌ ላይ ማዶ ተቅማጥ ገባ። መልእክተኛው የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሁለቱን ቀን ውሃው ይዞት። ሊሸከም የሚችለውን ያህል አስይዤ መለስኩት። ሲደርስ የሁለት ሕፃናት ለቅሶ ላይ ደረሰ። በስኳርና በጨው የሚሠራውን ለምን አልሰጧቸውም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ በዚያ ዘመን በገበሬ ቤት ጨው እንጂ ስኳር አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ 30 ለበጀት መዝጊያ ቆጠራ ስናደርግ ከግድግዳው ጥግ፣ ከታች የነበሩትን የኦ.አር.ኤስ. ካርቶኖች ከፈትኳቸው። ቆርቆሮው በበጋ አግሏቸው፣ በክረምት እርጥበት ገብቷቸው፣ ዱቄቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል። ከሺህ በላይ ፓኬት ነበር። በኮሚቴ ፊት አቃጠልነው፤ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ እኔም ፈረምኩ። ማንም አልጠየቀኝም። በወረቀት ላይ ጥፋት አልነበረብኝም፤ ገቢና ወጪው በትክክል ይገጥማል።

ማሙሽ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ልጆቹን ታውቂያቸው ነበር?» አለኝ።

«አንዷን። ክትባቷን የከተብኳት እኔ ነኝ።»

ላፕቶፑን ዘጋና ወደ ግቢ ወጣ። እኔም ጎመን መቀንጠስ ጀመርኩ፤ ለልጅ ማውራቴ ስሕተት መስሎኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰና ከበር ላይ ሆኖ «ከዚያ በኋላስ እንዴት አደረግሽ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላማ ተማርኩ። ለብዙ ዓመት በራሴ ልምድ እሠራ ነበር፤ ኋላ ላይ ለጤና ጣቢያዎች ሁሉ ደንብ ሆኖ መጣ። የአንድ መድኃኒት ክምችት ከ4 ወር ፍጆታ እንዳይበልጥ፣ ከ2 ወር በታች እንዳይወርድ። ቢን ካርዱ ላይ ጣሪያውም ወለሉም ይጻፋል። መደርደሪያው ባዶ ቦታ ስላለው አይሞላም፤ ቦታው ይቀመጣል እንጂ። ደግሞም ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ ይወጣል። እናቴ ይህን ያለ ደንብ ታውቀው ነበር፤ ጎታዋ ከላይ ይሞላል፣ ከታች ባለች በጭቃ በተደፈነች ቀዳዳ ይቀዳል። አሮጌው እህል ነው መጀመሪያ የሚወጣው። ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው ዓመታት ይቀመጣል፣ በቆሎውንና ማሽላውን ግን እንዲህ ካላደረጉት ዱቄት ሆኖ ይገኛል።

«ላሜራ ጤፍ ነው ማለት ነው፤ አይነቅዝም» አለ ማሙሽ። ከዚያ ፊቱ በራ። «ግን ግሌባ አለች!»

ግሌባ ማለት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በወጣው የጨዋታው ተጨማሪ ክፍል፣ ስፔስ ኤጅ በሚሉት ውስጥ ያለች ፕላኔት ናት። እዚያ የሚለቀመው ፍሬ በ1 ሰዓት ይበሰብሳል። ማሽኖቹን የሚመግበው ንጥረ ነገርማ 5 ደቂቃ አይቆይም። ሁሉም ተጫዋች ይጠላታል ብሎኛል፣ እሱም ይጠላታል። እኔ ግን አገሬ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ያለበትን ክትባት በላምባ በሚሠራ ፍሪጅ የጠበቀ ሰው፣ ሌሊት ተነሥቶ ክሩን ያስተካከለ ሰው፣ ግሌባን አይፈራም። «እዚያ ፕላኔት ላይ የአንተን መጋዘን የሚሠራ ሰው ምን ይሆናል?» አልኩት። «480 ኪስ ብስባሽ ይታቀፋል» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ሳቀ።

ጨዋታው ራሱ ለካ መድኃኒቱን ይዟል። ሳጥኑን ስትከፍቱ አንዲት ቀይ ኤክስ ምልክት አለች፤ እሷን ተጭናችሁ ኪሶቹን ከፈለጋችሁት ቦታ ጀምሮ ታግዳላችሁ። ከታገደው ወዲያ ክንዶቹ ዕቃ አይጨምሩም። የእኔ ቢን ካርድ ጣሪያ ማለት ናት። ችግሩ ማሙሽ እንዳለው ሰው አይነካትም። ለምን ይነካል? ባዶ ቦታ ሲያይ እንደኔ እጁን ያሳክከዋል።

እዚህ ላይ ሁለታችን ተጨቃጨቅን፣ ሁለት ቀን። እኔ ዋጋው በጣም ይወደድ፣ ሰው ሳያስብ እንዳይሠራው አልኩ። እሱ ደግሞ «እንደሱ ካደረግሽው ማንም አይሠራውም፤ ለምን ሞድ ጻፍኩ ታዲያ?» አለ። እውነቱን ነው። መጋዘን ያስፈልጋል፤ እኔም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ካርቶን ላይ ካርቶን ስከምር ወገቤ ያለቀው በከንቱ አልነበረም። ጥፋቱ መጋዘን መሥራቴ አልነበረም። ዋጋውን ቆጥሬ ግድግዳው ላይ ማቆሜ ነበር።

በመጨረሻ የተስማማንበት ይኸውላችሁ። ኪሱ ከ480 ወደ 400 ወረደ። ዋጋው ከ20 ወደ 60 የስቲል ላሜራ ወጣ፣ በብረት 300። አካፍሉት፤ አንድ ላሜራ 1.33 ኪስ ይገዛል፣ የስቲሉ ሳጥን 1.2 ነው። በብረት ትንሽ ይረክሳል። በመሬት ደግሞ በካሬ 44 ኪስ ነው፣ የስቲሉ ሳጥን 48። በመሬት ትንሽ ይወደዳል። ስለዚህ ብረት የቸገረው አንዱን፣ ቦታ የቸገረው ሌላውን ይመርጣል፤ 12ቱ በሮች ደግሞ ለሚፈልጋቸው ምርቃት ናቸው።

ሁለተኛውን ማሻሻያ ያመጣው እሱ ነው። መጋዘኑ ሲሠራ ቀዩ ኤክስ አስቀድሞ ሩብ ላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ጻፈው። 100 ኪስ ክፍት፣ 300 ኪስ ዝግ። 10,000 ላሜራ ሲገባ ይቆማል፣ ቀበቶው 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚታሰርበት። ሌላውን የፈለገ በገዛ እጁ ይክፈት። ሥራው በሉአ አራት መስመር አይሞላም፤ እኔ በ1978 ዓ.ም. አራት መስመሩን አላገኘሁትም።

እናቱ ቅዳሜ ስትመጣ ሁለታችንም ጠረጴዛ ላይ ተደፍተን አገኘችን። ወረቀቱ በቁጥር ተሞልቷል፣ ቡናው ቀዝቅዟል። «ስንት ሰዓት ሆናችሁ?» አለች። እኔ የመጋዘኑን ሒሳብ ላስረዳት ጀመርኩ፤ የማዶዋን ክሊኒክ ግን አላነሳኋትም። ማሙሽም አላነሳትም፤ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። ላፕቶፑን ሳትነጥቀው ሄደች። የ2 ሰዓቱ ትእዛዝ ግን እንደጸና ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ፣ በወረቀት የምንሠራውን ሒሳብ ሳልጨምር።

ጓደኞቹ አዲሱን መጋዘን ተቀብለዋል። አንዱ «ተበላሽቷል፣ ሩብ ላይ ይቆማል» ብሎ ደውሎ ነበር። ማሙሽ «አልተበላሸም፣ ኤክሷን ተጫን» አለው። ልጁ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ማሙሽ ግን «አያቴ ናት ያስቆመችው» ሲል ሰምቻለሁ።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ስለ ባቡር ጠየቀኝ። በጨዋታው ውስጥ የጭነት ባቡር ፉርጎ አለ፤ 40 ኪስ ብቻ ነው ያለው። የሚፈጀው 20 የስቲል ላሜራ፣ 20 የብረት ላሜራና 10 ጥርስ ያለው ጎማ ነው፤ ሁሉም ወደ ብረት ሲመለስ 140 ላሜራ። አንዱ ኪስ ሦስት ላሜራ ተኩል ያወጣል ማለት ነው፤ በስቲሉ ሳጥን አንድ ላሜራ እንኳ አይሞላም። «በኪስ ካሰላሽው ከሁሉም ውዱ ፉርጎ ነው፤ ሐዲዱንና ሞተሩን ሳንቆጥር። ግን ሁሉም ሰው ይሠራዋል» አለኝ።

እርሳሱን ይዞ ትንሽ ቆየና «እማማ፣ በቅሎ ስንት ትጭናለች?» አለ።

«አንድ ኩንታል ግድም።»

«አንድ የኦ.አር.ኤስ. ፓኬትስ ስንት ይመዝናል?»

«28 ግራም ገደማ። አንዱ በ1 ሊትር ውሃ ነው የሚበጠበጠው።»

ኩንታሉን ለ28 አካፈለና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ከ3,500 በላይ ይላል። መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አየሁት፤ በእኔ እጅም ያው ወጣ። በዚያ ሰኔ በመጋዘኔ የነበረውን ፓኬት ሁሉ አንዲት በቅሎ በአንድ ጉዞ ታደርሰው ነበር።